የማይታዘዘው እጅ፦ ከምኒልክ አልጋ እስከ ገበጣ ጉድጓድ

እቴቴ የእናታችን ታላቅ እህት ናት። የምትኖረው አርብ ገበያ ነው። አገሩን ለማያውቅ አንባቢ መንገዱን እንጠቁም፦ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ደብረ ታቦርን ካለፉ በኋላ ጋይንት ይገባሉ፤ ዋናውን መንገድ ትተው ወደ ደቡብ፣ ወደ በሽሎ ወንዝ አቅጣጫ ሲወርዱ ደግሞ ታች ጋይንትን ያገኛሉ። የወረዳው ከተማ አርብ ገበያ ናት።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት እቴቴ ቡና ስትቆላ የብረት ምጣዱ ከእጇ ወደቀ። ልታነሣው ጎንበስ ስትል ቀኝ እጇ አልታዘዝም አላት። «ምን ሆንሽ?» ስትባል ምላሷ ተሳሰረ፤ አፏም ወደ አንድ ወገን ዞረ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «መጋኛ ነው» አለ፤ ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» አለች። ጸበል ተረጨች፣ ፌጦ ተቀባች። ሐኪም ዘንድ የደረሰችው በአራተኛው ቀን ነበር። ሐኪሙ ስትሮክ መሆኑን፣ መነሻውም ለዓመታት ሳናውቀው የቆየ የደም ግፊት መሆኑን ነገረን። ኪኒኗን ተቀብለን ይዘናት ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነበር። አንዱ ያጎርሳል፣ አንዱ ያጠጣል፣ አንዷ ፀጉሯን ትሠራለች። ከተቀመጠችበት እንድትነሣ የሚፈቅድላት ሰው አልነበረም። ቀኝ እጇን በነጠላ ጠቅልለን ደረቷ ላይ አሰርንላትና «ይረፍ» አልን። ስምንት ወር ዐረፈ። ነጠላው ሲፈታ እጁ ቀጥኖ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው አገኘናቸው። እቴቴም «ይሄስ እጅ ሞቷል፤ እኔን ቀድሞኝ ሄዷል» ማለት ጀመረች።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያንን ነጠላ ያሰርነው እኛ ስለሆንን ነው።

በዚያው ሰሞን ባሕር ዳር የሚማረው የአጎታችን ልጅ ለበዓል መጣ። ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ ይዟል። በቪዲዮው አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ቴሌቪዥን ፊት ቆመው፣ ኳስም ራኬትም ሳይኖር ቴኒስ ይጫወታሉ። እንደ እቴቴ ስትሮክ የመታቸው ናቸው። እጃቸውን ባወዛወዙ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ኳሷን ይመታል። «እቴቴን ፕሌይ ስቴሽን ቤት እንውሰዳት እንዴ?» አለና አሳቀን። እሷም በተጣመመ አፏ ሳቀች። ሳቁ ሲያልፍ ግን ጥያቄው አልሄደም። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ደግሞ ጥያቄ ካደረበት እንቅልፍ አይወስደውም። ጌም የታመመን እጅ ያድናል እንዴ? ካዳነስ በምኑ ነው? ፍለጋችን ከጃፓን ጌም ፋብሪካ ይጀምራል ብለን ስንጠብቅ ያስጀመረን ከአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ሆነ።

(ዓመተ ምሕረት ስናነሣ «ዓ.ም.» ያልነው ያገራችንን፣ «እ.ኤ.አ.» ያልነው የፈረንጆቹን ነው። እንዳንደናገር።)

ማሽን ወዳዱ ንጉሥ

የኢትዮጵያ ታሪክ በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ በደረሰ የደም ሥር ጉዳት ምክንያት መንገዱን የቀየረበት ጊዜ አለ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1898 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጤናቸው ይታወክ ነበር። ከግንቦት 1901 ዓ.ም. ጀምሮ የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነታቸው በአዋጅ ተነገረ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ ስትሮክ መታቸው። ሰውነታቸው ዛለ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ ንጉሥ ተብለው፣ ግን መንገሥ ሳይችሉ ኖሩ።

በእነዚያ ዓመታት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ትልቁ የፖለቲካ ጥያቄ «ንጉሡ ምን አሉ?» የሚል ነበር። መናገር የማይችል ሰው ፈቃዱን የሚያውቀው ማን ነው? እቴጌ ጣይቱ በአልጋቸው አጠገብ ሆነው ሹመት ሽረቱን ያዙ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከሥልጣን ገለል አደረጓቸውና እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው ሥራውን ጠቀለሉት። ራስ ተሰማም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. አረፉ። የምኒልክ ሞት ራሱ ለሕዝብ ሳይነገር ለረጅም ጊዜ በምሥጢር ተያዘ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ እዚህ ግን የተደበቀው የአንድ ሰው በሽታ የአንድ አገር በሽታ ሆነ።

ሕክምናስ? ንጉሡ ለጸበል ደብረ ሊባኖስ ወርደዋል። የጓድሉፕ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ቪታልየን ሐኪማቸው ነበሩ። ከጀርመንም ሐኪም መጥቶ ነበር፤ የእሱ መምጣት ግን ፈውስ ሳይሆን «ንጉሡ መርዝ ተሰጥቷቸዋል» የሚል ጭቅጭቅ አስነሥቶ አለፈ። ልብ በሉ፦ እኚህ ሰው ስልኩን፣ ባቡሩን፣ አውቶሞቢሉን ወደ አገራቸው ያስገቡ ንጉሥ ናቸው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣላቸው ፈታተው የሚያዩ፣ ሰው የፈራውን ቀድመው የሚሞክሩ ነበሩ። ለገዛ እጃቸው የሚሆን መሣሪያ ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

ሐኪሞቻቸውን ለመውቀስ አይደለም። ያን ጊዜ በበርሊንም በፓሪስም ለስትሮክ ሕመምተኛ የሚሰጠው ዋናው ምክር ከአርብ ገበያው ምክራችን ብዙ አይርቅም፦ አልጋ፣ ዕረፍት፣ አልፎ አልፎ ማሸት። የሞተ የአንጎል ክፍል አይመለስም፤ ስለዚህ እጁም አይመለስም ተብሎ ይታመን ነበር።

የሚያስቆጨው ይህ ነው። ምኒልክ ካረፉ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ሮበርት ኦግደንና ሼፐርድ ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። የአንጎላቸው የእንቅስቃሴ ክፍል ተጎድቶ ግማሽ አካላቸው የዛለ ጦጣዎችን ወስደው ጤነኛውን እጅ አሰሩት፤ የዛለውን ደግሞ እያሹ እንዲሠራ አስገደዱት። በሳምንታት ውስጥ ጦጣዎቹ በዛለው እጃቸው መሥራት ጀመሩ። እኛ የታመመውን አሰርን፤ እነሱ ጤነኛውን አሰሩ። ልዩነቱ ያ ብቻ ነው። ግኝቱ ግን ለ60 ዓመት ያህል ዞር ብሎ የሚያየው ሳያገኝ መጽሔት ውስጥ ተቀበረ።

እጁ አልሞተም፣ ሥራ ፈቷል

ነገሩን ከመቃብር ያወጣው ኤድዋርድ ታውብ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ታሪኩ ንጹሕ ታሪክ አይደለም። የእጃቸውን የስሜት ነርቭ እየቆረጠ ጦጣዎች ላይ ምርምር ያደርግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ፖሊስ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ያለውን ቤተ ሙከራውን ፈትሾ ጦጣዎቹን ወሰደበት። ጉዳዩ በአሜሪካ የእንስሳት መብት እንቅስቃሴን ካቀጣጠሉት ትልልቅ ክርክሮች አንዱ ሆነ። እኛም ፍርዱን ለአንባቢ እንተወው።

ታውብ የደረሰበት ሐሳብ ግን ለእቴቴ ቤት የተጻፈ ይመስላል። ጦጣዋ ከጉዳቱ በኋላ በታመመው እጇ ለመብላት ትሞክራለች፤ አይሆንላትም፤ እንደገና ትሞክራለች፤ እህሉ ይወድቃል። በጤነኛው እጇ ስትሞክር ወዲያው ይሳካላታል። ከዚያ በኋላ የታመመውን ትተወዋለች። ወራት አልፈው አንጎሏ ሲያገግምና እጁ መሥራት ሲችል እንኳ አትሞክረውም፤ ምክንያቱም መተውን ለምዳለች። እጁ የተሸነፈው በጉዳቱ ብቻ ሳይሆን በልማድም ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ራንዶልፍ ኑዶ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ የአንጎልን ካርታ አነሡ። ትንሽ ስትሮክ የደረሰባቸውን ጦጣዎች ከትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ፍርፋሪ ምግብ በጣታቸው እንዲለቅሙ አሠለጠኗቸው። ጉድጓዱ መጀመሪያ ሰፊ ነው፤ እጃቸው ሲሻለው እየጠበበ ይሄዳል። በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ለቀሙ። ካልሠለጠኑት ጦጣዎች አንጎል ውስጥ፣ ከጉዳቱ አጠገብ ያለው ጤነኛ የእጅ ቦታ እንኳ ሲጠፋ ታየ። የሠለጠኑት ግን ያ ቦታ ተረፈላቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም ቀድሞ የእጅ ወዳልነበረው ሠፈር ተስፋፋ። አንጎል እንደ እርሻ መሬት ነው ማለት ነው፦ ያላረስከውን ጎረቤት ይገፋዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ 222 የስትሮክ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ሰው ላይም ይህ እንደሚሠራ አሳየ። ከስትሮኩ ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው፣ ጣታቸውን ጥቂትም ቢሆን መዘርጋት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ለሁለት ሳምንት ጤነኛ እጃቸው ላይ ጓንት ተጠልቆ በታመመው ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። ከሌሎቹ የተሻለ እጅ አገኙ፤ ከዓመት በኋላም ጥቅሙ አብሯቸው ነበር።

እንግዲህ ፍቱን መድኃኒቱ ድግግሞሽ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ ሕክምና ቤቶች ቁጭ ብሎ ቆጠረ። እጅን ለማሠልጠን በሚደረግ አንድ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ሕመምተኛው እጁን ለቁም ነገር የሚያንቀሳቅሰው በአማካይ 32 ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ጦጣዋ በመቶዎች፣ ሰው 32! የሀብታም አገር ሕክምናም ቢሆን መጠኑ ላይ አልደረሰም። ለምን? ባለሙያው ጊዜ የለውም፤ ሕመምተኛውም ይሰለቻል። አንድን ጣሳ 300 ጊዜ አንሥተህ አስቀምጥ ብትባል አንተስ ታደርገዋለህ?

ጌሙ ሲመጣ

ጌሙ በታሪክ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሰው 300 ጊዜ ሳይሰለች የሚያደርገው ነገር ምንድን ነው ቢባል፣ የሠፈራችን ፕሌይ ስቴሽን ቤት በር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። እናት ስትጣራ «አንዴ ብቻ!» የሚል ልጅ አሥረኛውን ጨዋታ ጀምሯል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሶኒ «አይቶይ» የሚባል ትንሽ ካሜራ አወጣ፤ ተጫዋቹን ቀርጾ ስክሪኑ ውስጥ ያስገባዋል፣ እሱም በባዶ እጁ እየመታ ይጫወታል። የተሐድሶ ተመራማሪዎች ወዲያው ነቁ። በኅዳር 2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓኑ ኔንቴንዶ «ዊ» የተባለውን ማጫወቻ ለገበያ አቀረበ። ሪሞቱ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚለካ ሴንሰር አለ፤ ቁልፍ መጫን ሳይሆን እጅ ማወዛወዝ ነው ጨዋታው። ኩባንያው የፈለገው ጌም ነክተው የማያውቁትን፣ አያቶችን ጭምር መሳብ ነበር፤ ተሳካለት። በዓለም ከ100 ሚሊዮን በላይ ዊ ተሸጠ። የአረጋውያን መኖሪያዎች ሽማግሌዎችን በቦውሊንግ ውድድር አፋለሙ። ፊዚዮቴራፒስቶችም ማጫወቻውን እየገዙ ወደ ክፍላቸው አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ2010 የማይክሮሶፍቱ «ኪኔክት» ተከተለ፤ እሱ ሪሞትም አያስፈልገው፣ መላ ሰውነትን በካሜራ ያያል።

በነገራችን ላይ ጉዳቱም ወዲያው ነው የታየው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ስፔናዊ ሐኪም ዊ ቴኒስ ለሰዓታት ተጫውቶ ትከሻው አላንቀሳቅስ ሲለው የገዛ ሕመሙን ለታዋቂ የሕክምና መጽሔት ጻፈ፤ በሽታውንም በጌሙ ስም ጠራው። ሌላም ችግር ነበረ። ጌሙ የተሠራው ለጤነኛ ሰው ነው፤ ለዛለ እጅ ይፈጥናል። ደግሞም ይሸወዳል፦ ክንድን በሙሉ ማንቀሳቀስ ሲገባ አንጓን ብቻ ነቅነቅ ማድረግ ለማሸነፍ ይበቃል። ብልጥ ሕመምተኛ ጌሙን ያሸንፋል፤ እጁ ግን እዚያው ነው።

ያም ሆኖ ተስፋው ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳዋ ቶሮንቶ ዶክተር ጉስታቮ ሳፖስኒክና ባልደረቦቹ በ22 ሰዎች ላይ ትንሽ ጥናት አደረጉ። ግማሾቹ ዊ ተጫወቱ፤ ግማሾቹ ካርታና የመሳሰሉትን። የዊዎቹ እጅ ሥራውን ጥቂት ሴኮንዶች ቀድሞ ጨረሰ። ዜናው ዓለምን ዞረ። የአጎታችን ልጅ ስልክ ላይ የደረሰውም የዚያ ዘመን ተስፋ ቅሪት ይመስለናል።

ጌምና ካርታ ሲጋጠሙ

አሁን የታሪኩ ጣፋጭ ክፍል ላይ ደረስን። የቶሮንቶው ቡድን በትንሹ ጥናት ረክቶ አልተቀመጠም፤ ትልቁን ሠራ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በካናዳ፣ በአርጀንቲና፣ በፔሩና በታይላንድ በሚገኙ 14 ማዕከላት 141 በቅርቡ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁለቱም ወገን የተለመደ ሕክምናውን ያገኛል። በተጨማሪ አንዱ ወገን በሁለት ሳምንት ውስጥ 10 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 60 ደቂቃ ዊ ይጫወታል። ሌላው ወገን ለዚያው ያህል ጊዜ ካርታ ይጫወታል፣ ቢንጎ ይጫወታል፣ ትንንሽ እንጨት እየደረደረ ሳይፈርስ ይመዛል፣ ኳስ ይቀባበላል። በመጨረሻ ሁለቱም ሰዓት ተይዞ ይፈተናሉ፦ ጣሳ አንሣ፣ ቁልፍ አዙር፣ ፎጣ እጠፍ።

ማን አሸነፈ? ማንም። ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ በዊና በካርታ መካከል ግን ልዩነት አልተገኘም። ተመራማሪዎቹም ጉዳዩ የመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን ሥራው የሚደጋገምና ዓላማ ያለው መሆኑ ሳይሆን አይቀርም፣ ርካሽና በየቤቱ ያለ ጨዋታም ይሆናል አሉ። በቀጣዩ ዓመት 72 ጥናቶችንና 2,470 ሰዎችን ያጠቃለለ ሰፊ ግምገማም ለእጅ እንቅስቃሴ ተመሳሳይ ነገር ተናገረ፦ በስክሪን የሚሰጥ ልምምድ ከተለመደው ልምምድ አይበልጥም፤ በተለመደው ላይ ተጨምሮ የልምምዱን ጊዜ ሲያረዝመው ግን ሊጠቅም ይችላል። ኪኔክት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 መመረቱ ቆመ፤ ዊም ከእሱ ቀድሞ ገበያውን ለቋል።

ለጌም ነጋዴው መርዶ ነው። ለአርብ ገበያ ግን የምሥራች ነው። ለምን ቢሉ፣ ማጫወቻው እስኪመጣ፣ መብራቱ እስኪረጋ፣ መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግማ! በተለይ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ደጋግሞ በጎበኘው በእኛ አገር፣ «መንገድ ሲከፈት» የሚል ቀጠሮ ቀጠሮ አይደለም።

ጉድጓድና ጠጠር

የኑዶን ጦጣዎች ስናነብ አንድ ነገር ትዝ ብሎን ነበር፤ አንባቢም ሳይገምት አይቀርም። ከትንንሽ ጉድጓድ ውስጥ በጣት መልቀም… ይሄ ገበጣ አይደለም እንዴ?

ገበጣን እረኛ መሬት ጭሮ ይጫወተዋል፤ ያለው በእንጨት ያስፈለፍላል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪቃ ቀንድ የሚታወቁ ከ100 በላይ ዓይነቶቹን መዝግበዋል። ባለ ሁለት ረድፉን እንውሰድ፦ 12 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ጠጠር አፍሶ ይይዝና በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል። ስትሮክ ለመታው እጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ እጅ ብዙ ጊዜ መጨበጥ አያቅተውም፤ የሚያቅተው መልቀቅ ነው። ገበጣ ደግሞ ከመጨበጥ ይልቅ መልቀቅን ያስተምራል፤ ሁሉንም ሳይሆን አንዷን ብቻ መልቀቅን። አንድ ጨዋታ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ እንደሚለቀም ቆጥረን አይተናል፤ ከ32 በብዙ ይበልጣል። ነጥብ አለው፣ ተፎካካሪ አለው፣ «አንዴ ብቻ!» ያሰኛል።

ጥንቃቄ እናድርግ። የቶሮንቶው ጥናት ካርታን እንጂ ገበጣን አልፈተነም። ጨዋታውም ከሕክምና ጋር እንጂ በሕክምና ፈንታ አልተሰጠም። እኛም በራሳችን አልጀመርንም። በኢትዮጵያ ፊዚዮቴራፒ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው ብዙ ሳይርቀን፣ ጎንደር ነው፤ በ1947 ዓ.ም. የጤና መኮንኖችን ለማሠልጠን በተከፈተው፣ ኋላ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆነው ተቋም፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ። ሙያው ባገራችን ገና የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ እንኳ የለውም ማለት ነው። አንዱን ወጣት ፊዚዮቴራፒስት በሰው በሰው አግኝተን እቴቴን አሳየነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋጋ፣ ትከሻዋን መረመረ፣ ከዚያ «ማን ነው ያሰረው?» አለ። ዝም አልን። «ለእሷ ማድረጋችሁን አቁሙ፤ ከእሷ ጋር አድርጉ» አለን። የገበጣውን ሐሳብ ስንነግረው ሳቀና «በባቄላ ጀምሩ፣ ጠጠር ያንሸራትታል፤ ጉድጓዱንም ሰፋ አድርጉት» አለ። ኑዶንም አነበበው አላነበበው ሳንጠይቀው ቀረን።

እቴቴ መጀመሪያ ተቆጣች። «ባልቴት በገበጣ! ምን ትሉኛላችሁ!» አለች። ያሸነፋት የሰባት ዓመት የልጅ ልጇ ነው፤ እያጭበረበረ ይጫወታል፣ እሷ ደግሞ ማጭበርበር አትወድም። ግራ እጇን ስታመጣ «በቀኝ ነው! በቀኝ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ከእኛ ሁሉ የሚበልጥ አሠልጣኝ እሱ ሆነ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ባቄላ ለማንሣት ፊቷ በላብ ይጠመቅ ነበር። በሁለተኛው ወር ሦስት ይዛ አንድ መጣል ቻለች። ከገበጣው ጋር ሌላም ሥራ ጨመርንላት፦ ጥጥ መባዘት፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ልብስ ማጠፍ። ሥራው ይዘገያል፣ ይበላሻል። እንዲዘገይና እንዲበላሽ መፍቀድ ለእኛ ከባዱ ትምህርት ነበር።

ተአምር አንጽፍም። እቴቴ ዛሬም እንጀራ አትጋግርም። ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። ከስትሮክ በኋላ ማገገም በይበልጥ የሚፋጠነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ እነዚያን ወራት በነጠላ አስረን አሳለፍናቸው፤ አይመለሱም። ግን ስኒ በሁለት እጇ ትይዛለች። በሩን ራሷ ትከፍታለች። «ሞቷል» የሚለውንም ቃል ትታለች፤ አሁን «ሰነፍ» ነው የምትለው እጇን። ሰነፍ ይገሠጻል፤ የሞተ ግን አይገሠጽም።

ከመለያየታችን በፊት

ቤታችሁ እንደ እቴቴ ያለ ሰው ካለ ጥቂት ነገር እንበል። አፍ ድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ መጋኛም ይሁን ዓይን ክርክሩ ይቆየን፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት። ሰዓታት እንጂ ቀናት የሉም። ጸበሉን ለሚያምን ጸበሉ አይሄድበትም። የግፊት ኪኒን «ተሻለኝ» ተብሎ አይቆምም፤ ሁለተኛው ስትሮክ የሚጠብቀው ያንን ነው። እንቅስቃሴ ይጠቅማል ብለን ስንል ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሕመምተኛውን ከአልጋ አንሥታችሁ አሯሩጡ ማለታችን አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 2,104 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚጀመር ብርቱ እንቅስቃሴ እንደሚጎዳ አሳይቷል። መቼና ስንት እንደሚጀመር ባለሙያ ይወስን። የዛለውን እጅ ይዛችሁም አትጎትቱ፤ ትከሻው ይወልቃል። ከዚያ በኋላ ግን በፍቅር ስም አትሰሩት።

ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ በዙሪያቸው የነበሩት ሰዎችም የሚወዷቸው ነበሩ። ስንቱ እጅ ያጎርሳቸው፣ ስንቱ ይደግፋቸው እንደነበር መገመት አያቅትም። እጃቸውን መቶ ጊዜ አንሥተው እንዲጥሉ የሚጠይቃቸው ግን አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የሚያውቅም ጥቂት ነው፣ ቢያውቅስ ንጉሥን ማን ይደፍራል? እኛ ግን ዘመኑም አላነሰን፣ ንጉሥም አላስታመምን። ያስታመምነው እቴቴን ነው። ድፍረቱ ከሰባት ዓመት ልጅ መጣ።

ባለፈው ፋሲካ አርብ ገበያ ነበርን። ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንወጣ ስንል እቴቴ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። ልማድ ነውና ልናለብሳት ተነሣን። በግራ እጇ ገፋ አደረገችንና «ተዉኝ እንጂ!» አለች። ጫፉን በቀኟ ያዘች፤ አመለጣት። እንደገና ያዘች። ሁላችንም በሩ ላይ ቆመን ጠበቅናት። ቅዳሴው ጀምሮ ነበር፤ ደግነቱ ማንም አልቸኮለም።

ቸር እንሰንብት።